ኔትወርክ ለማይገኝለት ተማሪ የሚደርስ ክፍል
በቪዲዮ ኮንፈረንስ ለሚያስተምሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የተዘጋጀ መመሪያ

አርብ ገበያ የሚያስተምር የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ወገዳ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ፣ መካነ ኢየሱስ ያለች ነርስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን መያዝ የሚፈልጉት ሥራቸውን ሳይለቁ ነው። ከእነሱ ወረዳዎች፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ፣ ተነሥቶ በየሳምንቱ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መመላለስ ደግሞ ቀላል አይደለም። የትራንስፖርቱ ገንዘብ፣ የማደሪያው ኪራይና ከሥራ የሚጎድለው ቀን ሲደመር ብዙ ጎበዝ ሰው ከትምህርቱ ይቀራል። ባለበት ሆኖ በስልኩ የሚገባበት ክፍል ለእንዲህ ያለው ሰው ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ክፍሉ የታቀደው አዲስ አበባ ላይ በዋይፋይ ለሚማር ሰው ከሆነ፣ የአርብ ገበያው ተማሪ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል እንጂ ትምህርቱ አይደርሰውም።

ትምህርትን ከሩቅ ማድረስ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በሕንድ መንግሥት ድጋፍ በተጀመረው የሙከራ ፕሮጀክት አዲስ አበባና ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኝተው ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየክፍላቸው በተሰቀለው ፕላዝማ መማር ጀምረው ነበር። የፕላዝማው አስተማሪ ትምህርቱን በሚገባ ተዘጋጅቶበት ነበር፤ ሆኖም ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ አያየውም ነበር፤ ጥያቄው ሳይመለስ ትምህርቱ ያልፍ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያዘጋ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኦንላይን እንዲቀጥል ተደረገ፤ ብዙ መምህራንም ዙምን ያወቁት ያኔ ነው።

ቪዲዮ ኮንፈረንስ ከፕላዝማ የሚለየው ተማሪው መልሶ መናገር መቻሉ ነው። እርስዎ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚናገሩ ከሆነ ግን ወደ ፕላዝማው ተመልሰዋል፤ ያውም የዳታውን ወጪ ተማሪው ላይ ጭነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በሁለት ነገሮች ላይ የቆሙ ናቸው። ክፍሉን ኔትወርኩ ከሁሉም ለደከመበት ተማሪ ያቅዱ። በቀጥታ የምትገናኙባትን ጊዜ ደግሞ ለጥያቄና ለመልስ ያውሏት።

1. ተማሪዎችዎ ያሉበትን ሁኔታ ይወቁ

ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ለእያንዳንዱ ተማሪ ይደውሉ፤ ካልሆነም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይጠይቁ። ጥያቄውን በቴሌግራም ብቻ ከላኩት የሚመልሱልዎ ኔትወርክ ያላቸው ብቻ ናቸው፤ ይበልጥ ሊያውቋቸው የሚገባዎት ደግሞ ዝም ያሉት ናቸው።

የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ስልክዎ ምን ዓይነት ነው፣ ላፕቶፕስ አለዎት? ኔትወርክ የሚይዘው ቤትዎ ነው፣ መሥሪያ ቤትዎ ነው ወይስ ወጣ ብለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ? መብራት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ መቼ ነው? የዳታ ፓኬጅ በሳምንት ምን ያህል መግዛት ይችላሉ? የገበያ ቀን፣ የልቅሶና የማኅበር ቀን፣ የተረኝነት ሰዓት የትኛውን ጊዜ ይሻማል?

መልሱን ሲያገኙ ተማሪዎቹን በሦስት ይክፈሏቸው፦ ቪዲዮ የሚችሉ፣ ድምፅ ብቻ የሚችሉ፣ በቀጥታ መግባት የማይችሉ። ይህ ክፍፍል ለእርስዎ ዕቅድ ነው፤ ተማሪ ፊት አይነበብም። በእያንዳንዱ ሳምንት ዕቅድዎ ላይ ሦስቱም ምን እንደሚያደርጉ ይጻፉ። ሦስተኛው ረድፍ ባዶ ከሆነ ዕቅዱ ገና አላለቀም።

2. የዳታውን ሂሳብ ይሥሩ

ተማሪው በገንዘቡ የሚገዛውን ነገር እርስዎ እንዳሻዎት ሊያባክኑት አይገባም። ዙም ራሱ ባወጣው መለኪያ ለድምፅ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢት በሰከንድ፣ ቪዲዮ ለሌለው ስክሪን ሼር ከ50 እስከ 75 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይበቃል። ጥራት ላለው የሁለት ሰው ቪዲዮ ግን 600 ኪሎ ቢት በሰከንድ ያስፈልጋል።

ይህን ወደ አንድ ሰዓት ክፍል ሲያመጡት እንዲህ ይሆናል። የእርስዎን ድምፅ በ80 ኪሎ ቢት የሚቀበል ተማሪ በሰዓት 36 ሜጋ ባይት ገደማ ያወጣል። ስላይድዎን በስክሪን ሼር ሲያይ 34 ሜጋ ባይት ያህል ይጨምራል፤ ድምሩ 70 ሜጋ ባይት ነው። ቪዲዮ ሲሆን ግን ለመቀበል ብቻ 270 ሜጋ ባይት፣ የራሱን ካሜራ ከከፈተም ሌላ 270 ሜጋ ባይት ይሄዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአራት ወር ሴሚስተር ሲያባዙት ልዩነቱ የአንድን ተማሪ ትምህርት ሊያስቀጥል ወይም ሊያስቆም የሚችል ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦ የተማሪ ካሜራ ዝግ ነው። የእርስዎም ካሜራ የሚከፈተው መጀመሪያ ላይ ሰላምታ ሲለዋወጡ ለሁለት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ድምፅና ስላይድ ብቻ። ዙም የሚጠቀም ተማሪ ከሌሎች የሚመጣውን ቪዲዮ ለማቆም ‹ስቶፕ ኢንካሚንግ ቪዲዮ› የሚለውን እንዲመርጥ ያሳዩት። «ካሜራ ያልከፈተ እንዳልገባ ይቆጠራል» የሚለው አሠራር በእኛ ሁኔታ ድሀውን ተማሪ የሚቀጣ ነውና ይተዉት።

3. መሣሪያ ይምረጡ፣ አንድ ከመረጡም አይቀያይሩ

ነጻው ዙም እስከ 100 ሰው ያስገባል፤ ነገር ግን 40 ደቂቃ ላይ ይዘጋል። ነጻው ጎግል ሚት ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን 60 ደቂቃ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲዎ ሙድል ካለው ቢግ ብሉ በተን የተባለው ነጻ መሣሪያ አብሮት ይሠራል፤ ከሙድል 4.0 ወዲህ ደግሞ ሙድሉ ውስጥ ተካቶ ነው የሚመጣው። የአይሲቲ ክፍሉን ይጠይቁ።

ቴሌግራምን አይናቁት። ተማሪው አስቀድሞ ስልኩ ላይ አለው፤ ግሩፑ ውስጥ የቀጥታ የድምፅ ውይይት መክፈት ይቻላል፤ እስከ 2 ጊጋ ባይት የሚደርስ ፋይል ያስተላልፋል፤ የተላከው ነገርም ኔትወርክ በመጣ ጊዜ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው አቀማመጥ ይህ ነው፦ ቴሌግራም የክፍሉ ቋሚ ቤት፣ ዙም ወይም ሚት የውይይት ሰዓት መገናኛ፣ ስልክና ኤስኤምኤስ የችግር ቀን መጠባበቂያ።

የ40 ደቂቃው ገደብ እንኳ ሊጠቅም ይችላል። ለሁለት ሰዓት ክፍል ከመጨነቅ ሁለት የ35 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይያዙ፤ መካከሉ ላይ 15 ደቂቃ ዕረፍት ይስጡ። ተማሪው ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፣ ያልገባውን ይጽፋል።

ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር ሆኖ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን በኢ-ሺ ፕሮግራም የኦንላይን ማስተማር ሥልጠና ይሰጣል። ዕድሉን ካገኙ አያሳልፉት።

4. ቀኑንና ሰዓቱን በማያሻማ መንገድ ይንገሩ

ዙም 8፡00 ፒ.ኤም. ብሎ የሚጽፈው የእኛን ከምሽቱ 2፡00 ሰዓት ነው። ከሊንኩ ጋር የመጣውን ጽሑፍ እንዳለ ከላኩት፣ አንዱ ተማሪ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ገብቶ ማንንም ሳያገኝ ዳታውን ጨርሶ ይወጣል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚመጣው። ስለዚህ የግብዣውን ጽሑፍ ይሰርዙትና በራስዎ ቃል ይጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተማሪዎቼ። የምንገናኘው ቅዳሜ ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 2፡00 እስከ 2፡35 ነው (ስልካችሁ ላይ 8፡00 ፒ.ኤም. ይላል)። ቀደም ብሎ የሚሰማው ድምፅ ከዚህ መልእክት በታች አለ፤ 9 ደቂቃ ነው። ጥያቄ 1ን እና 2ን ሠርታችሁ ኑ። ሊንኩ ያው የባለፈው ነው። መግባት ያልቻለ ጥያቄ 1ን በጽሑፍ ወይም በድምፅ እስከ እሑድ ማታ ይላክልኝ።»

ሊንኩና ፓስወርዱ ለሴሚስተሩ ሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን። የመሣሪያው የሰዓት ምርጫ ዝርዝር ላይ አዲስ አበባን ካጡ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሰዓቱ አንድ ነው። ከውጭ አገር እንግዳ አስተማሪ ከጋበዙ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ ዋሽንግተን ከእኛ ወደ ኋላ የሚቀረው ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ድረስ 7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ነው። እነሱ ሰዓታቸውን በሚያዞሩበት ሳምንት ቀጠሮውን እንደገና ያረጋግጡ።

5. ሌክቸሩን ቀድመው ይላኩ

በቀጥታው ሰዓት የሚያወሩትን አብዛኛውን ነገር በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርገው ከሦስት ቀን በፊት ይላኩት። አንዱ መልእክት ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ፤ አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ፤ መጨረሻው ላይ ጥያቄ ይኑረው። እንዲህ ያለው ፋይል ከጥቂት ሜጋ ባይት አይበልጥም። ተማሪው ኔትወርክ ባለበት ቦታ አውርዶ ቤቱ ሄዶ ደጋግሞ ይሰማዋል።

ስላይዱ የሚታየው መዳፍ በሚያህል ስልክ ላይ መሆኑን አይርሱ። በአንድ ስላይድ ከስድስት መስመር አይለፉ፤ ፊደሉ ትልቅ፣ ጽሑፉ ጥቁር፣ መደቡ ነጭ ይሁን። የማያስፈልግ ፎቶ ፋይሉን ያከብደዋልና ያውጡት። ፓወር ፖይንቱን እንዳለ ሳይሆን በፒዲኤፍ ይላኩት። በተለይ አማርኛውን በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፊደላት ጽፈውት ከሆነ፣ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል። በዩኒኮድ፣ ለምሳሌ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ፣ ይጻፉ። ስላይዶቹን በቁጥር ይለዩ፤ ስክሪን ሼሩ የቀረበት ተማሪ «ስላይድ 4ን ክፈቱ» ሲባል ከስልኩ አውጥቶ ይከታተላል።

6. የራስዎን ቦታ ያሰናዱ

የተማሪው ኔትወርክ ከእጅዎ ውጪ ነው፤ የእርስዎ ድምፅ ግን በእጅዎ ነው። ባዶ ክፍል ያስተጋባልና መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ይምረጡ። ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ፤ ርካሹ እንኳ ከላፕቶፑ ማይክ ይሻላል። ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ቁጥርና አዲስ ቃል ሁለት ጊዜ ይበሉ።

በላፕቶፕዎ ሲገቡ በስልክዎም በሌላ ስም ይግቡ፤ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነም ሁለተኛ አስተናጋጅ ያድርጉት። ላፕቶፑ በቢሮው ኢንተርኔት፣ ስልኩ በሞባይል ዳታ ይሁን። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ቢቋረጥ ክፍሉ አይበተንም፤ በስልኩ ይቀጥላሉ። ፓወር ባንኩን አስቀድመው ይሙሉት። ዌይቲንግ ሩም ክፍት ይሁንና ተማሪዎቹ በመዝገብ ስማቸው እንዲገቡ ይንገሯቸው። አንድ የክፍል ተወካይ ይመድቡና መሣሪያው ከፈቀደ በር ላይ ቆሞ የሚያስገባው እሱ ይሁን፤ እርስዎ ትኩረትዎ ትምህርቱ ላይ ይሁን።

7. የቀጥታውን ጊዜ ለጥያቄ ያውሉት

የ35 ደቂቃው አከፋፈል እንዲህ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ሰላምታና ድምፅ መሞከሪያ ናቸው። ቀጥሎ 7 ደቂቃ ከተላከው ድምፅ ያልገባቸውን ያነሣሉ፤ 18 ደቂቃ ጥያቄ ይሠራሉ፤ 5 ደቂቃ እርስዎ ያጠቃልላሉ፤ 2 ደቂቃ የሚቀጥለውን ሥራ ይነግራሉ።

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም። ዝምታ ይሆናል፣ ከዚያ አንዱ «አዎ መምህር» ይላል፣ ይታለፋል። ይልቅ ስህተቱ ራሱ የሚናገር ጥያቄ ያዘጋጁ። የአፈርና ውሃ ጥበቃ ኮርስ እያስተማሩ ነው እንበል። እንዲህ ይጠይቁ፦ «20 በመቶ ተዳፋት ያለው ማሳ ላይ ሁለት ተከታታይ እርከኖች በከፍታ 1 ሜትር ይለያያሉ። አግድም ርቀታቸው ስንት ነው? ሀ) 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለ) 5 ሜትር፣ ሐ) 20 ሜትር።» አንድ ደቂቃ ይስጡና ፊደሏን ብቻ ቻት ላይ እንዲጽፉ ይጠይቁ። አንድ ፊደል በደካማ ኔትወርክም ያልፋል።

ትክክለኛው ለ ነው፤ 1 ሲካፈል ለ0.20 አምስት ይሆናል። ሀ ያለው ማካፈል ሲገባው አባዝቷል፤ ሐ ያለው በመቶኛውን እንደ ሜትር ቆጥሮታል። እርስዎ ማን የት እንደተሳሳተ ባንድ ጊዜ ያዩታል። መልሱን ወዲያው አይናገሩ፤ ሐ ካሉት አንዱን «እስቲ እንዴት እንዳሰቡት ይንገሩን» ይበሉት፤ ቀጥሎ ለ ያለ ሰው ይጨምርበት። የተሳሳተው እንዳያፍር ሰበብ ሳይሆን አስተሳሰብ እየጠየቁ መሆንዎን ድምፅዎ ይናገር። ጓደኛሞች ሲከራከሩ የሚገባ ትምህርት ከእርስዎ ንግግር ይበልጣል።

ስም እየጠሩ ይጠይቁ፤ ተራው ደግሞ ከሩቅ ካለው ይጀምር። ሴት ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ዕድሉ ሳይደርሳቸው ሰዓቱ ያልቃልና ዝርዝር ይዘው ማን እንደተናገረ ምልክት ያድርጉ። ድምፁ የሚቆራረጥበት ተማሪ ቢጽፍም ተናግሯል፤ የጻፈውን ጮክ ብለው ከነስሙ ያንብቡለት።

8. ኔትወርክ ሲጠፋ የሚደረገውን ከወዲሁ ይወስኑ

ደንቡን በመጀመሪያው ቀን ጽፈው ይስጡ። ተማሪው ከወጣ ሁለት ጊዜ ይሞክር፤ ካልሆነ ዳታውን አይጨርስ፤ የዕለቱን ጥያቄ ለብቻው ሠርቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ይላክ። መምህሩ ከጠፋ ክፍሉ አምስት ደቂቃ ይጠብቅ፤ ከዚያ ተወካዩ ጥያቄውን እያነበበ ያወያይ። የቀረ ተማሪ የአምስት ደቂቃ ማጠቃለያውን በድምፅ መልእክት ያገኛል።

ረጅም መቋረጥም እንዳለ አይርሱ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ሲሆን በኦንላይን ብቻ የተሠራ ኮርስ ቆሞ ይቀራል። እንዲህ ያለው ቀን ቢመጣ የእርስዎ እንዳይቆም የኮርሱን ሞጁል ከነጥያቄዎቹ አሳትመው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ተማሪው እጅ ያስገቡ። ድምፆቹን በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይስጧቸው። በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ አቅራቢያ ያሉትን ተማሪዎች በሦስትና በአራት ያቧድኑ፤ ኢንተርኔት ቢጠፋ እርስ በርስ ተገናኝተው ይሥሩ። ስልክ ከሠራ እርስዎ በሳምንት አንድ ጊዜ ለቡድኑ ይደውሉ፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው አብረው ያነጋግሩዎታል።

9. ምዘናውን ከተማሪው አካባቢ ያውጡት

በሰዓት የተገደበ የኦንላይን ፈተና ዕውቀትን ሳይሆን ኔትወርክን ይፈትናል። በምትኩ ከኢንተርኔት የማይገለበጥ ሥራ ይስጡ። ከላይ ያለውን ተዳፋት የሠራ ተማሪ ቅዳሜ ወደ ቀበሌው ይውጣ፤ በሁለት እኩል በትር፣ በገመድና በውሃ ልክ የአንድ እርከን ርቀት ይለካ፤ ልኩን፣ ፎቶውንና «ይህ እርከን በትክክል ተሠርቷል ወይ?» ለሚለው የራሱን መልስ ያምጣ። የትምህርት አመራር ተማሪ የትምህርት ቤቱን የተማሪ መቅረት መዝገብ ይተንትን፤ የጤና ተማሪ የጤና ጣቢያውን የክትባት አሠራር ያጥና።

እዚህ ላይ የሩቁ ክፍል ዩኒቨርሲቲው ግቢ ካለው ይበልጣል። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣ ልኬት ባንድ ስላይድ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ተማሪዎቹ አንዳቸው ከሌላው ይማራሉ፤ እርስዎም ይማራሉ። ሥራው የራሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ለእያንዳንዱ በስልክ የአሥር ደቂቃ የቃል ጥያቄ ይበቃል፦ «ለምን ይህን ቦታ መረጡ? ገመዱ ቢረግብ ውጤቱ ወዴት ያደላል?» የሠራው ሰው ሳያመነታ ይመልሳል።

የተሳትፎ ነጥብ ሲሰጡ የመግቢያ ሰዓቱን ሳይሆን የመለሰውን ጥያቄ ይቁጠሩ፤ በቀጥታም ይሁን ዘግይቶ በድምፅ መልእክት።

10. ሲቀርጹ አስፈቅደው ይቅረጹ

መቅረጽ ከመጀመርዎ በፊት ይናገሩ፤ ለምን እንደሚቀረጽ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚሰረዝ ይንገሩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ በአግባቡ መያዝ ግዴታ አድርጓል። የተማሪ ድምፅ፣ ስልክ ቁጥርና ውጤት በግሩፕ አይለጠፍም። ቀረጻውን ክፍሉ ላመለጣቸው ሲሰጡ ድምፁን ብቻ ለይተው ይላኩት፤ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ማውረድ የሚችለው መጀመሪያም ገብቶ የነበረው ነው።

ለመጀመር

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አይሞክሩት። በዚህ ሳምንት ከኮርስዎ አንድ ርዕስ ይምረጡ፤ ዘጠኝ ደቂቃ ድምፅ ይቅረጹ፤ እንደ እርከኗ ያለች አንድ ጥያቄ ያዘጋጁ። ከዚያ ኔትወርካቸው ከሁሉም የደከመባቸውን ሦስት ተማሪዎች ብቻ ጠርተው 20 ደቂቃ ያስተምሩ። ሲጨርሱ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቋቸው፦ ምን ያህሉ ተሰማችሁ? ስንት ሜጋ ባይት ወሰደባችሁ? ጥያቄዋን አሁን ለሌላ ሰው ማስረዳት ትችላላችሁ? ሦስተኛውን «አዎ» ብለው ካስረዱዎት ክፍሉን ለሁሉም ይክፈቱ። ካልቻሉ ድምፁን ያሳጥሩ፣ ጥያቄውን ያቅልሉ፣ እንደገና እነዚያኑ ሦስቱን ይጥሩ።